«ገና አናውቅም» የሚባልበት ጥበብ

«እስካሁን ያየሁትን እነግርዎታለሁ። ያላየሁትንም እነግርዎታለሁ። ያላየሁትን መቼ ልናይ እንደምንችልም እነግርዎታለሁ።»

በእርግዝናዋ ስድስተኛ ሳምንት ላይ ደም ታይቷት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ለደረሰች ሴት ጥሩ ሐኪም የሚነግራት ሁሉ ቢጨመቅ ይህ ይወጣዋል። ቃላቱ ከሐኪም ሐኪም ይለያያሉ፤ አጥንቱ ግን አንድ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የታወቀውን ያስረክባል። ሁለተኛው ያልታወቀውን ሳይሸፍን ያሳያል። ሦስተኛው ላልታወቀው ነገር ቀን ይቆርጥለታል። ሁለተኛው ቢቀር ሐኪሙ ዋሸ ማለት ነው፤ ሦስተኛው ቢቀር ደግሞ ሴትዮዋን ገደል አፋፍ ላይ ትቷት ሄደ ማለት ነው።

የቀዶ ሐኪም እጅ ብዙ ተወድሷል። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም አንደበት ግን ተቀምጦ ያየው ጥቂት ነው፤ ምናልባትም ጥሩ ሲሠራ ስለማይታይ ይሆናል። ላሳይ የምፈልገው ይህን የማይታይ ሥራ ነው፤ ስፌቱ የት እንደገባ፣ የትኛዋ ቃል የት እንደተቀመጠች፣ ሌላ ቦታ ብትቀመጥስ ምን እንደሚበላሽ።

አስቀድሜ ነገሩ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ልናገር። ከአራት እርጉዝ ሴቶች አንዷ ገደማ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደም ይታያታል። ከእነዚህ ውስጥ የግማሽ ያህሉ እርግዝና ይቀጥላል፣ የግማሽ ያህሉ ይቋረጣል። ሦስተኛም መንገድ አለ። ከ100 እርግዝና 2 ያህሉ ከማህፀን ውጪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ደም ወይም ሕመም ኖሯቸው ድንገተኛ ክፍል ከሚመጡት መካከል ግን ቁጥሩ ከ100 ሴቶች እስከ 18 ሊደርስ እንደሚችል የአሜሪካ የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ያስታውሳል። ቱቦው ፈንድቶ ካልተደረሰላት እናቲቱን ሊገድላት ይችላል። እንግዲህ አልጋው ላይ የተኛችው ሴት ከሦስቱ መንገዶች በአንዱ ላይ ናት። በየትኛው እንደሆነች እሷ አታውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም፣ ብዙ ጊዜ ማሽኑም አያውቅም።

ማሽኑ የማያውቀው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ጊዜው ስላልደረሰ ነው። በውስጥ በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ የእርግዝናው ከረጢት የሚታየው በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ሽሉና የልቡ እንቅስቃሴ ደግሞ በስድስተኛው አካባቢ። ሴትዮዋ የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን በአንድ ሳምንት ብትስት፣ ወይም ዑደቷ ረዘም ያለ ቢሆን፣ ባዶ የሚመስለው ማህፀን ሦስት እውነት ሊሸከም ይችላል፦ ጤናማ ሆኖ ገና ያልታየ እርግዝና፣ ተጀምሮ ያበቃ እርግዝና፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ እርግዝና። አንድ ሥዕል፣ ሦስት ፍቺ። ባለሙያዎቹ ለዚህ ሁኔታ ስም አውጥተውለታል፤ «ቦታው ያልታወቀ እርግዝና» ይሉታል። የበሽታ ስም አይደለም፤ የአለማወቅ ስም ነው። ለአለማወቅ ስም ማውጣት ትልቅ ሥራ ነው እላለሁ። ስም ያለው ነገር መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ቀጠሮ ይያዝለታል፣ ጠዋት ተራ ለሚረከበው ሐኪም ይተላለፋል። ስም የሌለው በግምት ይሸፈናል።

እኛ መጥፎ ወሬ መንገር የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። መርዶ ነጋሪ ሲመረጥ፣ ዘመድ ሲጠራ፣ ጎህ ሲቀድ በር ሲንኳኳ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ ሲደረግ እያየ ያደገ ሰው ወሬ ሰዓትና ቦታ እንዳለው ያውቃል። በ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በሂውስተን ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ያሉ ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው መጥፎ ዜና የሚነገርበትን ስድስት ደረጃ ጽፈው አሳትመዋል። ገለል ያለ ቦታ ፈልጉ፣ ቁጭ በሉ፣ አብሯት የሚሆን ሰው ይኑር፣ መጀመሪያ የምታውቀውን ጠይቋት የሚል ነው። ለሐበሻ አንባቢ አዲስ አይሆንበትም። ነገር ግን በመርዶ የሚነገረው የሆነ ነገር ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በዚያ ሌሊት የሚነገረው ገና ያልሆነ፣ ወይም ሆኖ ያልታወቀ ነገር ነው። አልቅሺ አይባል፣ ደስ ይበልሽ አይባል። ለዚህ ሥርዓት የለንም። ልማዳችን እዚህ ቦታ ላይ የሚሰጠን አንድ መሸሻ ብቻ ነው፤ እሱም «ደህና ነው» ማለት። ሐኪሙ የሚገባው ልማዳችን ጥሎት ከሄደው ክፍተት ውስጥ ነው።

አልትራሳውንዱ ሲጀመር ያለውን ዝምታ እንይ። ሐኪሙ ዓይኑ ማሽኑ ላይ ነው፤ የሴትዮዋ ዓይን ደግሞ የሐኪሙ ፊት ላይ። ማሽኑን ማንበብ ስለማትችል ፊቱን ታነባለች። ግንባሩ ከተቋጠረ ሞቷል ማለት ነው፤ ራሱን ከነቀነቀ ደህና ነው ማለት ነው። እሱ ግን የተቋጠረው ምስሉ ስላልጠራለት ይሆናል። ጎበዝ ሐኪም ይህን ስለሚያውቅ መሣሪያውን ከማንሳቱ በፊት እንዲህ ይላል፦ «ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብዬ አያለሁ። ዝም ማለቴ መጥፎ ነገር አየሁ ማለት አይደለም፤ ሥራዬ ትኩረት ስለሚፈልግ ነው። ሲያልቅ ያየሁትን ሁሉ እነግርዎታለሁ።» ዝምታውን አስቀድሞ ይተረጉምላታል። ዋጋው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የሚያስቀረው ግን ማንም ሳይነግራት በራሷ የምትሰማውን መርዶ ነው።

ከዚያ በፊት የሚመጣ ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ለእኔ የሥራው ሁሉ ቁንጮ እሱ ነው። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በአልትራሳውንዱ የሚጠይቀው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ እርግዝናው ማህፀን ውስጥ ይታያል ወይስ አይታይም? ሴትዮዋ የመጣችበት ጥያቄ ግን ሰፊ ነው፦ ልጄ አለ ወይስ የለም? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አይደሉም። ስለዚህ ገና ምርመራው ሳይጀመር «ዛሬ ማታ ይህ ምርመራ አደጋ ላይ እንዳሉና እንደሌሉ ሊነግረን ይችላል፤ እርግዝናው ይቀጥላል ወይስ አይቀጥልም የሚለውን ግን ላይመልስልን ይችላል» ይላታል። ይኸው ቃል ከምርመራው በኋላ ቢነገር ሰበብ ይመስላል፤ ሐኪሙ ያቃተው፣ ማሽኑ የተበላሸ፣ ሆስፒታሉ የሰነፈ ይመስላል። ከምርመራው በፊት ሲነገር ግን የመንገዱ ካርታ አካል ይሆናል። ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ ሰዓቱ ብቻ ተለወጠ፤ ፍቺውም አብሮ ተለወጠ። ሸማኔ ጥለቱን መጨረሻ ላይ አይለጥፈውም፤ ድሩ ሲደራ ቦታውን ያበጅለታል።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ ሥራው ይበልጥ ይጠባል። «ሃምሳ በመቶ» ማለት ቀላል ነው፣ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። ጥሩው ሐኪም ቁጥሩን ሰው ያደርገዋል፦ «እንደ እርስዎ ደም ታይቷቸው የመጡ 10 ሴቶች እዚህ ክፍል ቢቀመጡ፣ የ5 ያህሉ እርግዝና ይቀጥላል፤ የ5 ያህሉ አይቀጥልም። እርስዎ ከየትኞቹ እንደሆኑ ዛሬ ማወቅ አልችልም።» «ዛሬ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። «ማወቅ አልችልም» ብቻ ቢል በር ዘጋ ማለት ነበር። «ዛሬ» በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች። የሚቀጥሉትን ከማይቀጥሉት አስቀድሞ መጥራቱም ሆን ተብሎ ነው፤ መጀመሪያ የተሰማው ጆሮ ውስጥ ይቆያልና። አንዳንድ ሐኪሞች ግን በዚህ አይስማሙም፤ ከባዱን አስቀድመን ብንነግር ይሻላል ይላሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን እደግፋለሁ፣ ሁለቱም ቁጥር እኩል ድምፅ እስካለው ድረስ።

በአማርኛ ሲሆን እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ እሾህ አለ። «የመቀጠል ዕድል» ማለት ያምራል። «የመቋረጥ ዕድል» ግን ጆሮ ይቆረቁራል፤ ዕድል የሚለው ቃል ለእኛ መልካም ነገርንም የተጻፈልንንም ያሸታልና። ልጇን ልታጣ ለምትችል ሴት «ይህን ያህል ዕድል አለ» ማለት ስድብ ሊመስላት፣ ወይም የተጻፈላት ሊመስላት ይችላል። ጠንቃቃ ተናጋሪ ለአንዱ «ዕድል»፣ ለሌላው «ስጋት» ይላል። ትንሽ ነገር ናት። ግን ጥሩ ሥራ ሁልጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ነገር ነው የሚገነባው።

የዚህ ሙያ ታሪክ «ገና» ለምትለው ቃል ቦታ እየሰፋላት የሄደበት ታሪክ ነው ብል አላጋነንኩም። በአሜሪካ ቀደም ሲል 5 ሚሊሜትር የሚደርስ ሽል የልብ እንቅስቃሴ ካልታየበት እርግዝናው አብቅቷል ይባል ነበር፤ ከረጢቱም 16 ሚሊሜትር ሆኖ ውስጡ ሽል ካልታየ እንዲሁ። 2009 ላይ በአየርላንድ አንዲት እናት ጽንሱ ሞቷል ከተባለች በኋላ ሌላ ቦታ ታይታ የልብ ምት ተገኘላት፤ ጉዳዩ በ2010 አደባባይ ሲወጣ ሌሎችም ተመሳሳይ ታሪክ ይዘው መጡ፣ አገሪቱም በይፋ መረመረችው። በ2011 ለንደን በሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በሥራ ላይ የነበሩት መለኪያዎች ጤናማ እርግዝናን አብቅቷል ሊያሰኙ እንደሚችሉ አሳዩ። በ2012 የአሜሪካ የአልትራሳውንድ ራዲዮሎጂስቶች ማኅበር የጠራው ጉባኤ መለኪያውን ከፍ አደረገው፤ ሽሉ 7 ሚሊሜትር፣ ከረጢቱ 25 ሚሊሜትር። ውሳኔው በ2013 ታተመ።

ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ያለው ልዩነት ከምስር ፍሬ ያንሳል። ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች አንዱን ሽል ቢለኩት ትንሽ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በዚያች ልዩነት ውስጥ ግን አንድ ልጅ አለ ወይም የለም። ጉባኤው ያደረገው ነገር ይህችን የእጅ ስህተት አስልቶ፣ በላይዋም መተማመኛ ጨምሮ፣ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ «ገና» ውስጥ ማስገባት ነው። ከመለኪያው በታች ሲሆን «ያሰጋል» ይባላል እንጂ «አብቅቷል» አይባልም፤ ከሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ዳግመኛ ይታያል። ሐኪሙ «ገና አላውቅም» ሲል ከኋላው ይህ ሁሉ ሚሊሜትር፣ ይህ ሁሉ ክርክር፣ የእነዚያም እናቶች እንባ አለ። ስለዚህ ቃሉ የድክመት ቃል አይደለም። የተለካ ነው።

የቃል ነገር ከተነሣ፣ እንግሊዞች በ1985 የሠሩትን አልረሳም። ሦስት ሐኪሞች ላንሴት ለሚባለው የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጽፈው፣ ሳትፈልግ እርግዝናዋ ለተቋረጠባት ሴት የሚነገረው ቃል በፈቃድ ከሚደረገው ማቋረጥ ይለይ አሉ። እስከዚያ ድረስ የሐኪሞቹ መዝገብ ለሁለቱም አንድ ቃል ነበረው፤ ሴቶቹም መዝገባቸው ላይ ሲያነቡት ይቆስሉ ነበር። የእኛም መጻሕፍት «ውርጃ» ብለው ሁለቱን በአንድ ጆንያ ይከታሉ። የእናቶቻችን አማርኛ ግን ልዩነቱን ቀድሞ ያውቀዋል። «አስወረደች» እና «አስወረዳት» አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ሴትዮዋ አድራጊ ናት፤ በሁለተኛው ግን እንደ «ራባት»፣ እንደ «በረዳት» ሁሉ የደረሰባት ናት፤ አድራጊው እንኳ አይጠራም። አንዲት «ት» ጥፋቱን ሁሉ ከትከሻዋ ታወርድላታለች። አማርኛ የሚናገር ሐኪም ይህች መሣሪያ በእጁ አለች፤ «ውርጃ ነው» ከማለት «አስወርዶዎት ሊሆን ይችላል» ማለት ሰው መሆን ነው።

በ2024 እነዚያው የአሜሪካ ራዲዮሎጂስቶች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት መዝገበ ቃላት እንደገና አጥርተው አውጥተዋል። እርግዝና «ከሸፈ» የሚለውን ቃል አስቀርተው «ቀደምት የእርግዝና መጥፋት» የሚለውን ተኩ። ሴትዮዋ ፈተና የወደቀች እንዳይመስላት ነው።

ይህ ጥፋት የሚባለው ነገር ሁልጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ አለ፤ ባይነገርም አለ። ጀሪካን ማንሳቴ ይሆን? ደረጃ መውጣቴ? ከባለቤቴ ጋር የተጣላሁ ዕለት? ያማረኝን ሳልበላ ቀርቼ? ዓይን በልቶኝ? ልጆች የሚሞቱባትን ሴት ሾተላይ አለባት የሚል አገር ልጆች ነን፤ ጥያቄው ከአጥንታችን ነው የሚወጣው። ጎበዝ ሐኪም እስክትጠይቀው አይጠብቅም፤ ሳይጠየቅ ይመልሳል። «ብዙ ሰው ምን አድርጌ ይሆን ብሎ ያስባል። ያደረጉት ነገር አይደለም፤ ያላደረጉትም አይደለም።» በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚቋረጡት እርግዝናዎች ግማሽ ያህሉ ጽንሱ ሲፈጠር ጀምሮ በነበረ የክሮሞዞም መዛባት ምክንያት መሆናቸው የታወቀ ነው። «ብዙ ሰው» የምትለዋ አነጋገር ደግሞ ብልህ ናት፤ የሴትዮዋን ምስጢር ሳትነካ የምስጢሯን ጥያቄ ትመልስላታለች።

ከባዱ ፈተና የሚመጣው «ታዲያ ምን ይደረግልኝ?» ስትል ነው። እጅ ባዶ መሆንን የሚወድ ሐኪም የለም። «ተኝተው ይረፉ» ማለት ለሁለቱም ይቀላል፤ አልጋ መያዝ እርግዝናን እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም። ከሌለ ደግሞ ምክሩ ምክር ሆኖ አይቀርም፤ ነገ እርግዝናው ቢቋረጥ «ተነሥቼ ውሃ ቀድቼ ነበር» የሚል ጸጸት ይሆናል። ፕሮጄስትሮንም እንዲሁ በልማድ ሲሰጥ ኖሯል። በብሪታንያ 4,153 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2019 ሲታተም፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 75 በመቶው፣ ካልወሰዱት 72 በመቶው ልጅ ወለዱ፤ ልዩነቱ ለሁሉም ሴት ይሠራል ለማለት የሚያበቃ አልነበረም። ከዚህ በፊት ሦስትና ከዚያ በላይ እርግዝና የተቋረጠባቸው ሴቶች ግን 72 በመቶ ከ57 በመቶ ሆነው ተገኙ። በ2021 የብሪታንያ መመሪያ ደም ለታያቸው፣ ቀድሞም እርግዝና ለተቋረጠባቸው፣ በማህፀን ውስጥ እርግዝናው ለተረጋገጠላቸው ሴቶች መድኃኒቱን ፈቀደ። ጥሩ ሐኪም ይህን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስተላልፈዋል፤ ለማን እንደሚረዳ፣ ለማን እንደማይረዳ። ባዶ እጁንም አይደብቅም፦ «ሂደቱን የሚያቆም መድኃኒት ለእርስዎ የለኝም። ቢኖረኝ እሰጥዎት ነበር።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሕክምና አይደለችም፤ ግን እውነት ናት፣ ደግሞም ሰው ናት።

ቀጠሮው ጋ ደርሰናል። የ«ገና» ዕድሜ ብዙ ጊዜ 48 ሰዓት ነው። የእርግዝና ሆርሞኑ በደም ይለካል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ዳግመኛ ይለካል። «በሁለት ቀን እጥፍ መሆን አለበት» የሚለውን አባባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ብዙ ሴት ስልኳ ላይ አንብባው ነው የምትመጣው። የአሜሪካ የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2018 ያሰፈረው ግን ከዚህ ይልቅ ለጋስ ነው፤ መነሻው ከ1,500 በታች ከሆነ ቢያንስ 49 በመቶ፣ እስከ 3,000 ከሆነ 40 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 33 በመቶ ቢጨምር ጤናማ ሊሆን ይችላል። እንደገና ያው ነገር ነው፤ «አብቅቷል» የሚባልበት መስመር ወደ ኋላ ሸሸ፣ «ገና» ሰፋ። አንድ ቁጥር ብቻውን ግን ምንም አይፈርድም። አልትራሳውንዱ ሳይለይ ሲቀር በሆርሞኑ መጠን ብቻ ተማምኖ ከማህፀን ውጪ እርግዝና የለም ማለት እንደማይገባ የአሜሪካ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅ ለአባላቱ ጽፏል። ስለዚህ ሐኪሙ የመጀመሪያውን ቁጥር ሲነግራት «ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብላ ብትጠይቀው «መነሻ ነው» ይላታል። ትክክለኛዋ ቃል ይህች ናት።

ቀጠሮው ሰዓትና ቦታ ካልተቆረጠለት ግን ሁሉም ከንቱ ነው። «ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ» ቀጠሮ አይደለም። «ሐሙስ ጠዋት፣ በዚህ ቁጥር ይደውላሉ፣ ውጤቱን የምነግርዎት እኔ ወይም እገሌ ነን» ቀጠሮ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ለዚህ ተብለው የተቋቋሙ የመጀመሪያ ወራት እርግዝና መከታተያ ክፍሎች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሸክሙ የሚወድቀው ያን ሌሊት ተረኛ በሆነው ሐኪም ላይ ነው፤ ሌላ ሦስት አምቡላንስ በር ላይ ቆሞ ሳለ ስልክ አንሥቶ ቀጠሮ የሚያሲዘውን ሐኪም እኔ አከብረዋለሁ።

መውጫው ላይ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያም የራሱ ውበት አለው። መጥፎው ወረቀት «ደም ከበዛ ይመለሱ» ይላል። በዛ ማለት ስንት ነው? ጥሩው «በተከታታይ ሁለት ሰዓት፣ በየሰዓቱ ሁለት ትልልቅ ሞዴስ ከራሰ ይመለሱ» ይላል። የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ራስ መሳት፣ በአንድ ጎን የሚጠና ቁርጠት ካለ «ጠዋት እስኪሆን አይጠብቁ፣ መኪናም አይንዱ» ይላል። ፍርሃትን በሞዴስ ቁጥር መለካት ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ለተቀመጠች ሴት ግን ከዚህ የበለጠ ርኅራኄ የለም።

በፊላደልፊያ ቶማስ ጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲ ክሪስቲን ራይዚንግና የሥራ ባልደረቦቿ ምንነቱ ሳይታወቅ ከድንገተኛ ክፍል ለሚወጣ ማንኛውም ታካሚ የሚሆን የንግግር መቆጣጠሪያ ዝርዝር ሠርተው በ2020 አሳትመዋል፤ 21 ነጥቦች አሉት፣ ሲሠራም ታካሚዎች ተሳትፈውበታል። ዝርዝር ንግግርን ያደርቃል የሚሉ አሉ። አልስማማም። አናጢም ክር ይዘረጋል፣ ውሃ ልክ ያስቀምጣል፤ ቤቱ የሚያምረው ግን በክሩ አይደለም።

እስካሁን ሐኪሙን «እርስዎ» እያለ እንዲናገር አድርጌዋለሁ። ይህን ያደረግሁት በምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አጠገብ ባለ ሆስፒታል የተኛችው ሴት አማርኛ ተናጋሪ ከሆነች፣ በእንግሊዝኛው ውስጥ ያልነበረውን «እርስዎ» የጨመረው አስተርጓሚው ነው። እዚህ ላይ ሥራው ሁለት እጅ ይሆናል። ሐኪሙ በጥንቃቄ ያጋጠመውን ዓረፍተ ነገር አስተርጓሚው ሳይነቅል ወደ ማዶ ማሻገር አለበት። «ምንም የለም» የምትለዋን አስቡ። በእኛ አነጋገር «ምንም የለብሽም» ማለት ጤነኛ ነሽ ማለት ነው። «ማህፀን ውስጥ የሚታይ ነገር የለም» የሚለው ቃል ተቆርጦ «ምንም የለም» ሆኖ ከደረሰ፣ ሴትዮዋ ተመስገን ብላ ትነሣለች፤ ቱቦዋ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ነገር ይዛ።

«አይዞሽ» ደግሞ አለች፤ በእንግሊዝኛ አቻ የላትም። አስተርጓሚው ከራሱ ይጨምራት እንደሆነ አላውቅም፣ ደንቡም አይፈቅድለትም። አማርኛ የሚናገር ሐኪም ግን፣ ለምሳሌ በ2010 የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በተጀመረበት በጥቁር አንበሳ የሠለጠነ፣ ቃሏን በሁለት መንገድ ሊጠቀምባት ይችላል። «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ካለ ያልያዘውን ሰጠ። «አይዞሽ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ አብረን እንጠብቃለን» ካለ ያለውን ሰጠ። ቃሏ አንዲት ናት፤ ከኋላዋ የሚከተለው ነው ለሴትዮዋ የሚጠቅማት ወይም የሚጎዳት።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ለእህታችሁ፣ ለሚስታችሁ፣ ለእናታችሁ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጉማችሁ ታውቃላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል የሠለጠነ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ጠይቁ። ሰው እስኪገኝ እናንተ መሐል ከቆማችሁ ደግሞ፣ ሐኪሙ «ገና አናውቅም» ሲል «ደህና ነው ይላል» አትበሏት። እንዳለ አሻግሩላት፦ «ገና አላወቁም። ሐሙስ ጠዋት ያውቃሉ።»